ከጓዳ የተጠራሁበት ቀን

እናቴ ስትደውል የጤፍ ናሙና እየመዘንሁ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ ገና "አቤት እማዬ" ከማለቴ፣ "ልጄ፣ ሽማግሌ መጣልሽ" አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ ጎረቤት ሰምቶ ነገሩን እንዳያበላሽባት የፈራች ትመስላለች። "የምን ሽማግሌ?" አልኋት። "በጥር ወር ሴት ልጅ ያለበት ቤት ሽማግሌ ምን ሊሆን ይመጣል?" ብላ ሳቀች።

እናቴ ይህን ቀን ብዙ ዓመት ጠብቃዋለች። እኔ ሞጣ ሥራ ይዤ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ሠላሳ ዓመቴን እየተጠጋሁ ነበር። ቢቸና ካሉት አብሮ አደጎቼ ሳላገባ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርሁ፣ እናቴ ሰርግ በተጠራች ቁጥር "የእናንተውስ መቼ ነው?" የሚሏትን ሴቶች ሽሽት ጥግ ይዛ ትቀመጥ ነበር። አባቴ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሁሉ አንቱ እያልን ነው ያደግነው። ቢቸና ውስጥ ደግሞ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ሁለት ሰው በድንበር ቢጣላ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። ሳያስታርቁ የተመለሱበትን ቀን እኔም አላስታውስም፣ እሳቸውም አያስታውሱም፤ በዚህም ውስጥ ውስጡን ይኮራሉ።

እናቴ እንደነገረችኝ ነገሩ እንዲህ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች በራችን ላይ መጥተው ቆሙ። ግቡ ቢባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ግን "ጉዳያችን እሽ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ። አንደኛው "የመጣነው በሴት ልጅዎ ነገር ነው፤ የላከን ሰው..." ብሎ ሲጀምር፣ አባቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። በእኛ አገር ሴት ልጅ ያለው አባት የላካችሁ ማነው ብሎ ለመስማት አይቸኩልም። ከቸኮለ ልጁ ቆማ የቀረችበት ይመስላል። ስለዚህ አባቴ በወጉ መሠረት "ከሩቅ ነው የመጣችሁት፣ አክብራችሁኛል፤ ዘመድ ላማክር፣ ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ" አሏቸው። ሽማግሎቹም ደስ ብሏቸው፣ አመስግነው ሄዱ።

"ጨዋ ሰዎች ናቸው" አለች እናቴ። "ከሞጣ ድረስ ነው የመጡት። ማን እንደላካቸው መቼም አንቺ አታጪውም።" ቅዳሜ እንድመጣ አሳስባኝ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ሳወርድ የመዘንሁት ጤፍ መሬት ላይ ፈስሶ ነበር።

ያን ሰሞን እኔ የምጠብቀው ሽማግሌ ሳይሆን ኮሚቴ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ደግሞ ቤተሰቤ ምንም አያውቅም።

የምሠራው እህል የሚገዛ አንድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ገበሬው ያመጣውን ጆንያ ወግቼ ናሙና ማውጣት፣ እርጥበቱንና ጥራቱን መለካት ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ እህል የሚያበጥሩ ሴቶች ይቀመጣሉ። የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ጠዋት የተጠራ ይሠራል፣ ያልተጠራ ይመለሳል። የሚጠራቸው የመጋዘኑ ኃላፊ ነበር።

ኃላፊው ትዳር ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ለቅሶም ሰርግም የማይቀር፣ ባለበት ሁሉ ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። ከተማው ይወደው ነበር። እጁ ግን አያርፍም። በሴቶቹ መሃል ሲያልፍ የአንዷን ትከሻ፣ የሌላዋን ጉንጭ፣ ሰው ካላየው ደግሞ ሌላ ሌላም ይነካል። አበጣሪዎቹ ለዚህ የራሳቸውን ዘዴ አበጅተው ነበር። አንዷ ወደ መጋዘኑ ውስጥ ከተጠራች፣ ጥቂት ቆይታ ሌላዋ "ሰፌዴን ረስቼ" ብላ ትከተላታለች። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን እነዚህ ሴቶች ለምን እንዲህ ሰፌድ እንደሚረሱ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ስቄባቸዋለሁ።

ገና ካለፈ በኋላ፣ የእህሉ ወቅት በደራበት ጊዜ፣ በጆንያ ቁልሎቹ መሃል ጎንበስ ብዬ ናሙና ሳወጣ ከኋላዬ መጥቶ ወገቤን ያዘኝ። ስገፈትረው እየሳቀ በሩን በእግሩ ገፋው። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልዘረዝረውም፤ ታግያለሁ፣ እሱም ከእኔ ይበረታል። በሩ ተከፈተና የአበጣሪዎቹ ታላቅ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ "ሰፌዴን ረስቼ" ብለው ገቡ። ሰፌዳቸው በእጃቸው ነበር። ለቀቀኝ። ሲወጣ "ይቺ ልጅ ቀልድ አታውቅም" አለ።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ እታማለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ቁጣው የመጣው በማግሥቱ ነው። ፈቃድ ጠይቄ ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለበት ደብረ ማርቆስ ሄድሁና የሴቶች ጉዳይ ለሚያዩት ባለሙያ አመለከትሁ። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሞጣ ድረስ መጥቶ እንደሚሰማን፣ ምስክር ካለኝ እንዳዘጋጅ ነገሩኝ። አቤቱታውን የጻፍሁት በመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፤ "ተገቢ ያልሆነ አካላዊ ንክኪ" የሚል ነገር ነበረበት። እንዲያ ብዬ ስጽፈው የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዘንድ ስሄድ ሰፌዳቸውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ። "ያየሁትን አይቻለሁ፤ እናገራለሁ" አሉ። "ግን አንቺ ልጅ፣ ጀምረሽ እንዳትተይው። አንቺ ተምረሻል፣ ሌላ ቦታ ትገቢያለሽ። የእኔ እንጀራ ያለው እዚህ ሰፌድ ላይ ነው።" እውነታቸውን ነበር። ስማቸው በምስክርነት ከተያዘ ጀምሮ ኃላፊው ጠዋት ጠዋት ሲጠራ ይዘላቸው ጀመር። ግቢው በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ይቆዩና ፀሐዩ ሲጠና ቤታቸው ይመለሳሉ። እኔን ሲያዩኝ አይወቅሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የእናቴ ስልክ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ማን ሊሆን እንደሚችል ግን ገምቻለሁ። አንድ አስተማሪ ወዳጅ ነበረኝ። ወዳጅ ስል ቅዳሜ ገበያ አብሮኝ የሚወጣ፣ ዘንቢሌን የሚሸከም፣ ስለ ዝናቡና ስለ ተማሪዎቹ የሚያወራ፣ ከዚያ ያለፈ አንድም ቃል ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ ሰው ማለቴ ነው። ይህ ዝምተኛ ሳይነግረኝ ሽማግሌ ላከ ብዬ ግማሽ ልቤ ተናደደ፣ ግማሹ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከሥራ ስወጣ ቀጥ ብዬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት።

"ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አልሁት።

"ምኑን?"

"ሽማግሌ መላክህን ነዋ።"

ደብተሮቹን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። "እኔ አልላክሁም" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ "ማነው የላከው?" አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀቴ መሃል ያቺ ድምፅ ደስ አሰኘችኝ፤ አልዋሽም።

"አላወቅሁም። እሑድ እንሰማለን።"

"እሽ ልትይ ነው?"

"ማን እንደሆነ ሳላውቅ?"

"ብታውቂስ?"

"ስመለስ እነግርሃለሁ" ብዬው ሄድሁ። መንገድ ላይ ዞር ብዬ ሳየው እዚያው ቆሟል።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና ገባሁ። መንገዱ እንደልብ የሚኬድበት ጊዜ ነበር። ግቢያችን ተጠርጎ፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሶ፣ ጠላው ደርሶ ጠበቀኝ። የእናቴ ወንድም ከገጠር መጥቶ ነበር፤ ዘመድ ተማከረ ለማለት ቢያንስ አንድ አጎት ያስፈልጋል። እናቴ እኔን ባየች ቁጥር ፈገግ ትላለች፤ ቀሚሴን ታስተካክላለች፤ ከስተሻል ብላ ጉንጬን ትነካለች። ስለ ክሱ እነግራታለሁ ብዬ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ያ ፊቷ ይመጣብኛል። ከአባቴ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረብኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ተው፣ ልቀቅ፣ ለእግዜር ስትል እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔንም ተይው ቢሉኝ እምቢ የምልበት አፍ ይኖረኛል ብዬ አላስብም ነበር። ሳልነግራቸው አደርሁ።

እሑድ ሽማግሎቹ በሰዓታቸው መጡ። ወጉ ነውና እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ገባሁ። የጓዳችን መጋረጃ ጥግ ጥጉ ስለተቀደደ ሳሎኑ ይታያል። እናቴ በላይኛው ቀዳዳ፣ እኔ በታችኛው አየን። መጀመሪያ የገባውን ሽበታም ሳየው አወቅሁት። የኃላፊያችን ጎረቤት ነው፤ መጋዘኑ በር ላይ ከእሱ ጋር ተቀምጦ ሲጨዋወት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

"ልጅዎ የምትሠራበት መጋዘን ኃላፊ ነው የላከን" አለ ሽበታሙ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ።

"ኃላፊ ነው" አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ፣ ክንዴን ጨብጣ።

"እማዬ፣ ሚስት አለው" አልኋት።

እናቴ ከመጋረጃው ዓይኗን ነቅላ ወደ እኔ ዞረች። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳሎን ውስጥ ሽበታሙ ቀጥሏል።

"በልጅዎና በእሱ መሃል ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ ልጅቷ ኮሚቴ ፊት ከሳዋለች። ሰውዬው ባለትዳር ነው፣ የልጆች አባት ነው። የተጣላን ማስታረቅ የእርስዎ ሥራ መሆኑን ሞጣም እንሰማለን። ክሱን እንድታነሳ ይዘዙልን ብለን በእግዜር ስም መጥተናል።"

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ለሌላ ነገር ተዘጋጅተው ነው የከረሙት፤ ነጭ በነጭ ለብሰው ነበር። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠቁር በቀዳዳው አየሁት። ቀድሞ የተናገረው አጎቴ ነው። "ይኼማ ምን ችግር አለው" አለ፤ ቀለል ያለው ይመስላል። "ስሟ ኮሚቴ ፊት ከሚነሳ እዚሁ ይለቅ። ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ታገባለች።"

አባቴ ተነሡና መጋረጃውን ገልጠው ጓዳ ገቡ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ሲገቡ አይቻቸው አላውቅም፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነው የገቡት።

"ክስ አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"ብትተይውስ?"

የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም፤ የእውነት እየጠየቁኝ ነበር። ለዚህም ነው መልስ ያገኘሁት።

"እኔስ ብተወው ሌላ ሥራ አላጣም" አልሁ። "አይተው የመሰከሩልኝ ሴትዮ አሉ፣ እህል አበጥረው የሚያድሩ። እኔን ብለው ሥራቸውን አጥተዋል። እኔ ከተውሁት እሳቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እሱ ግን እዚያው ይቆያል።"

አባቴ "ነይ ውጪ" አሉኝ።

"ወዴት?"

"እነሱ ፊት።"

እናቴ ቀሚሴን ከኋላ ያዘችኝ። "ኧረ መሪጌታ፣ ልጅቷን ሽማግሌ ፊት? የት ነው እንዲህ ያለ የሚደረገው?"

"የማያውቁትን እንዴት ሊያስታርቁ ነው?" አሉ አባቴ። እናቴ ቀሚሴን እስክትለቅ ድረስ ቆመው ጠበቁ።

ሳሎን ስገባ ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አጎቴ አቀረቀረ። አባቴ ከጎናቸው አቁመውኝ "ምን አደረገሽ?" አሉኝ። እኔ ከልማድ "ተገቢ ያልሆነ..." ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ። "የመሥሪያ ቤቱን ቋንቋ ተይው። ያደረገሽን ተናገሪ።"

ተናገርሁ። በአባቴ ፊት፣ በአጎቴ ፊት፣ በማላውቃቸው ሦስት ሽማግሎች ፊት። እጁን የት እንዳሳረፈ፣ በሩን በእግሩ እንዴት እንደገፋው፣ እኔ ምን እንዳልሁ፣ እሱ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም በቤታችን አማርኛ ተናገርሁ። ስለ ሰፌዶቹ ስደርስ ያ የጠፋብኝ ቁጣ ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ እንዴት ተራ ገብተው እንደሚጠባበቁ፣ እትዬ አሁን በር ላይ ቆመው እንዴት እንደሚመለሱ ነገርኋቸው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማል።

ስጨርስ ሽበታሙ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። "እኛን ቀልድ ነው ያለን" አለ። "ቀልድ ስለማታውቅ ከሳኛለች አለን።"

አባቴ ወደ እሱ ዞሩ። "እኔም እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ፣ አልቀየማችሁም" አሉ። "ግን በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዴት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቱ ያውቁታል። ድንጋዩን ተሸክሞ ራሱ ይመጣል፤ በድያለሁ ብሎ በራሱ አፍ ይናገራል። ይምጣ። እዚህ ደግሞ አይደለም፤ እዚያው መጋዘኑ ግቢ፣ ሴቶቹ ባሉበት። ያን ካደረገ ልጄ ይቅር ትለው እንደሆነ እሷን እጠይቃለሁ። ክሱ ግን ከሽማግሌ እጅ ወጥቷል፤ የሚያየው ያየዋል።"

ሽማግሎቹ በትራቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ እናቴ ዓይኗን እየጠረገች ከጓዳ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ከሞጣ ድረስ የመጣ ሰው ከቤቷ ጾሙን አይወጣም አለች። ብትናደድም እናቴ ናት። ስለዚህ ሦስቱም ተመልሰው ተቀመጡ፤ ዶሮ ወጡን በጸጥታ በሉ፤ ለእኔ ሰርግ ወሬ የተጠመቀውን ጠላ ጠጡ። እኔ ነበርሁ የቀዳሁላቸው። ሽበታሙ ዋንጫውን ሲቀበለኝ በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ አባቴ ደጃፉ ላይ በተዋሱት ወንበር ተቀምጠው ቆዩ። አጠገባቸው ሄጄ ቆምሁ። "ስንቱን አስታረቅሁ" አሉ፣ እኔን ሳያዩ። "እንዲህ ያለውም ነበረበት። የልጅቷን አባት እጠይቃለሁ፣ ወንድሟን እጠይቃለሁ። ከጓዳ ግን ማንንም ጠርቼ አላውቅም ነበር።" ወንበር ስቤ አብሬያቸው ተቀመጥሁ።

ሰኞ ሞጣ ስመለስ አስተማሪው መናኸሪያው አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር። ማን እንደላካቸው፣ ለምን እንደላካቸው ሁሉን ነገርሁት። ስለ መጋዘኑ የነገርሁት ያን ጊዜ ነው። ቦርሳዬን ተቀብሎኝ እስከ ቤቴ አብሮኝ ሄደ። በሬ ላይ ስንደርስ "ኮሚቴው የሚመጣ ቀን ተማሪዎቼን ለሌላ መምህር ሰጥቼ በር ላይ እቆማለሁ" አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ኮሚቴው የመጣ ዕለት ኃላፊው እንደ ልማዱ ጨዋታውን ይዞ ገባ። ሲጠየቅ ምንም እንዳልሆነ፣ በእኔና በእሱ መሃል አንዳች ነገር እንደሌለ፣ እኔ የሥራ ውጤቴ ስላነሰ ቂም ይዤ እንደከሰስሁት አስረዳ። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ከኮሚቴው አንዱ ፈገግ ሲል አየሁት። እትዬ ያዩትን ተናገሩ። ኃላፊው ግን ዘመዷ ናት፣ ገዝታት ነው ብሎ አጣጣለው። የእሳቸው ቃልና የእሱ ቃል ተፋጠጠ። ነገሩ እንዲሁ ሊቀር ነው ብዬ ወገቤ ሲቆረጥ፣ በሩ ተንኳኳና አስተማሪው አንገቱን አስገብቶ "አንድ ሽማግሌ መናገር ይፈልጋሉ" አለ።

ሽበታሙ ነበር። ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ ገባ። ኃላፊው ሲያየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ይህ ሰው ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ ሽበታሙ። ምንም የሆነ ነገር የለም ማለቱ ተነገረው። ሽበታሙ ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ እኔን ቢቸና ድረስ ምን ብሎ ነው የላከኝ?" አለ። "ሽማግሌ የሚላከው ምንም ባልሆነ ነገር ነው? ሁለት ጊዜ ነው የሄድሁት። ድንጋይ ተሸክመህ ና ብለውሃል ብዬ መልእክቱን ሳመጣለት ሳቀብኝ። የልጅቷን ነገር ሰምቼ ዝም ብል፣ ሽበቴን ተሸክሜ ውሸት ያመላለስሁ ሰው እሆናለሁ።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በዚሁ አገር የተወለደ ነው። ለእርቅ ሽማግሌ የላከ ሰው በደሉን ያመነ ሰው መሆኑን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ከዚያ በኋላ ከአበጣሪዎቹ ሌሎች ሁለት ሴቶች እኛም የምንናገረው አለን ብለው ገቡ። ኃላፊው በመጀመሪያ ከሥልጣኑ ተነሣ፣ ቆይቶም ከሥራው ተሰናበተ። እትዬ በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ተጠሩ።

አሁንም እዚያው መጋዘን ነው የምሠራው፤ ደስ ብሎኝም እሠራለሁ። ሴቶቹ ዛፉ ሥር እያወሩ፣ አንዳንዴም እየዘፈኑ ያበጥራሉ። ወደ ውስጥ የተጠራች ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ትወጣለች። እትዬ እኔን ለማናደድ ሲፈልጉ ብቻ በሩን ከፈት አድርገው "ሰፌዴን ረስቼ" ይሉኛል፤ ሁለታችንም እንስቃለን።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር እንደገና ሽማግሌ ቢቸና ገባ። በዚህኛው ጊዜ ማን እንደላካቸው አውቅ ነበር፤ ደብተሮቹን ከብብት ወደ ብብት እያዛወረ ቀድሞ ነግሮኛል። ከሽማግሎቹ አንዱ ያው ሽበታሙ ነው። አስተማሪው መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ብሎ ለምኗቸው ነበር። እኔና እናቴ ጓዳ ገብተን ቀዳዳችንን ያዝን። ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ቆሙ፤ አባቴም በዚህኛው ጊዜ እጃቸውን አላነሡም።

"ለምን እንደመጣችሁ መጀመሪያ ጨርሳችሁ ንገሩኝ" አሏቸው። ሽበታሙ ሳቅ አለና "ዛሬስ ለደኅና ነው" ብሎ ሁሉንም ተናገረ። አጎቴ አሁንም መጥቶ ነበር፤ ዘመድ ይማከር፣ ለሚመጣው እሑድ ይባሉ ብሎ በጆሯቸው ሲያንሾካሹክ አየሁት። አባቴ እሽም እምቢም አላሉም። ወደ ጓዳው ዞረው "ልጄ፣ ነይ ውጪ፣ ከአንቺ ይሰሙት" አሉ።

ተነሣሁ። እናቴ ቀሚሴን አልያዘችኝም፤ መጋረጃውን ገልጣ ያዘችልኝ።